የቤት ነው ወይስ የኪስ?

በአገራችን በገበያ ቀናቸው የተሰየሙ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ደቡብ ጎንደርን ብቻ ብንወስድ ደራ ውስጥ ሐሙሲት አለች፤ ጋይንት ውስጥ ደግሞ አርብ ገበያ። ወደ ጎንደር ከተማ ጠጋ ሲሉ ማክሰኚት ይገኛል። የከተሞቹን ስም እየጠራ የሚጓዝ ሰው ካርታ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ የያዘ ነው የሚመስለው። ስም አውጪዎቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ለእንዲህ ያለች ከተማ ዋናው ቁም ነገር የቆመችበት መሬት ሳይሆን ሰው ከሰው የሚገናኝባት ቀን ነው።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት። በስተሰሜን ላይ ጋይንት፣ በስተምዕራብ ስማዳ ያዋስኗታል፤ በስተደቡብ የበሽሎ ሸለቆ ወርዶ ከወሎ ይለያታል። ያን አገር የሚያውቅ ሰው አንዱ አምባ ላይ ቆሞ የሌላውን አምባ ቤቶች ጭስ እያየ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ ባለ አገር ገበያ የእህልና የከብት መለዋወጫ ብቻ ሊሆን አይችልም። ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ የማን በሬ ጠፋ፣ ይኼ ሁሉ የሚሰማው ገበያ ነው። መልእክትም የሚላከው በገበያተኛ ነው።

አዋጅም የሚነገረው እዚያው ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር ማለት ነው። አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ነው፤ አዋጅ መልስ አይቀበልም። ሁለተኛው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው፣ መልስም የሚያመጣው የገበያተኛው ወሬ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ እኔ ዛሬ ላወራ የተነሣሁት ስለ ሞደም ነውና ያስፈልጉናል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ጣሊያን ተጉዘው ሲመለሱ ይዘውት እንደመጡና በአፄ ምኒልክ ግቢ እንደተዘረጋ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሰው ሳይታይ ድምፁ ሲሰማ ካህናቱ «ይኼማ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ማጉረምረማቸውም ይተረካል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። መስመሩ ንጉሡን ከሹማምንታቸው አገናኘ። ምሰሶው በገበሬው ማሳ ላይ አለፈ እንጂ ገበሬው ቤት አልገባም። ለነገሩ ያን ጊዜ የትም አገር ቢሆን ስልክ የባለ ሥልጣንና የባለ ሀብት ነበር። የእኛን ልዩ የሚያደርገው ሁኔታው ሳይለወጥ በጣም ረጅም ዘመን መቆየቱ ነው።

ኢትዮጵያ በ1924 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች፤ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስልክ ወደ ጠቅላይ ግዛትና ወደ አውራጃ ከተሞች መግባቱን ቀጠለ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ግን በብዙ የወረዳ ከተማ «ስልክ አለ» ማለት «ስልክ ቤት አለ» ማለት ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስም እስኪጠራ መጠበቅ፣ ሲጠራ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብቶ መጮህ ነው። ውጭ የተቀመጠው ሁሉ ምሥጢርህን ይሰማል። ስልኩ የኪስ አልነበረም፤ የቤትም አልነበረም፤ የመንግሥት ነበር።

የኢንተርኔት ታሪካችንም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች ነበሩ፤ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ በነበረው ፓዲስ በሚባለው የመረጃ ሥርዓት በኩል። አሠራሩ ዛሬ ሲያዩት ያስቃል። የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ወደ ለንደን ስልክ ይደውላል፣ የያዘውን ያራግፋል፣ የመጣለትን ይጭናል፣ ስልኩን ይዘጋል። አርብ እስኪደርስ መልእክቱን ሰብስቦ የሚቆየው ገበያተኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ ያሉ ባለሙያዎች ተሰባስበው ይጎተጉቱ ጀመር። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ጀመረ።

ያኔ ሞደም ማለት በስልክ መስመር እየደወለ የሚንጫጫው ዕቃ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ከሆንክ ቤትህ ስልክ ቢደወል አይገባም። አስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ለክፍላችን መምህራን በሙሉ አንድ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ነበረን። ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ወረፋ ይዘን፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ጠጥተን እንመለስ ነበር። በ1990ዎቹ ማገባደጃ ብሮድባንድ የሚባለው መጣ። ስልኩም ኢንተርኔቱም በአንዱ የመዳብ መስመር ላይ ሳይጣሉ የሚያልፉበት፣ ኤዲኤስኤል የሚሉት ዘዴ ነው። የሞደም ምርጫ የሚባለው ጣጣም ከእሱ ጋር መጣ። አንደኛው ሞደም በዩኤስቢ ይሰካል፤ ሁለተኛው በኢተርኔት።

ሁለተኛውን ስም የሰማ ብዙ ሰው «ኢንተርኔት ለማለት ፈልገህ ነው?» ይላል። ልዩነታቸው አንዲት «ን» ናት፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ቦብ ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ኮምፒዩተሮችን በገመድ ለማገናኘት ያፈለቁት ዘዴ ነው። ስሙ የተወሰደው «ኤተር» ከሚለው ቃል ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንት ሕዋውን ሞልቶ ብርሃን ያሻግራል ብለው ያምኑበት የነበረ፣ በኋላ ግን የለም የተባለ ነገር። የሌለ ነገር ስም ለገመድ ተሰጠ።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የዘዴው ትውልድ ነው። ሜትካፍ መነሻ ያደረገው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ያስጀመረውን አሎሃኔት ነው። የሃዋይ ደሴቶች በባሕር የተለያዩ ናቸውና ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ ኮምፒዩተሮቹን ያገናኙት በሬዲዮ ሞገድ ነበር። እንግዲህ የገመዱ አያት ገመድ አልባ ነው። የተወለደውም እንደ ጋይንት አምባዎች እየተያዩ ለማይደራረሱ ቦታዎች ነው፤ በእነሱ መሀል ባሕር፣ በእኛ መሀል ገደል መኖሩ ካልሆነ በቀር።

ዩኤስቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 እነኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና አይቢኤም ያሉበት የኩባንያዎች ስብስብ ያወጣው መሰኪያ ነው። ዓላማው ኮምፒዩተር ጀርባ ላይ የተደረደረውን ልዩ ልዩ ቀዳዳ በአንድ ዓይነት መተካት ነበር። የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒዩተር አብዛኛው የኢተርኔት ካርድ አልነበረውም፤ ዩኤስቢ ግን ነበረው። እንግሊዝ አገር ብሮድባንድ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ብዙ ሰው መጀመሪያ የደረሰው የዩኤስቢ ሞደም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጫው የፍጥነት ጉዳይ ይመስለን ነበር። አይደለም። የመጀመሪያው ዩኤስቢ እንኳ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ ኢተርኔት 10 ወይም 100። በእኛ የመዳብ መስመር የሚመጣው ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነበር። በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውኃ ሰፊ በርሜል ውስጥ ገባ ጠባብ በርሜል ውስጥ፣ ውኃው ያው ነው። ዋናው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የዩኤስቢው ሞደም መብራቱንም አእምሮውንም የሚበደረው ከኮምፒዩተሩ ነው። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ካልተጫነለት አይሠራም፤ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ እሱም ይተኛል፤ ገመዱ ከአምስት ሜትር አያልፍም፤ የሚያገለግለውም የተሰካበትን አንድ ኮምፒዩተር ነው። የኢተርኔቱ ሞደም የራሱ መብራትና የራሱ አእምሮ አለው፤ የመጣውን ኮምፒዩተር ሁሉ ያስተናግዳል፤ ገመዱ እስከ መቶ ሜትር ይሄዳል፤ ራውተር ከተጨመረለት ቤተሰቡን ሁሉ ያዳርሳል። ባጭሩ የመጀመሪያው የሰው ነው፤ ሁለተኛው የቤት ነው።

በእኛ አገር ታዲያ ይህ ምርጫ በወጉ ሳይመረጥ ነው ያለፈው። ኤዲኤስኤል ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ እንደሌለ ቁጠረው። የቤት ስልክ ያለው ሰው እፍኝ በማይሞላበት ወረዳ ማን መዳብ ይዘረጋል? ከሚሊኒየማችን ጥቂት ቀደም ብሎ መንግሥት ዜድቲኢ ከሚባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን። ትኩረቱ በአመዛኙ ገመድ አልባው ላይ ሆነ። ኢቪዲኦ የምንላት፣ ላፕቶፕ ጎን ላይ ተሰክታ ብልጭ ድርግም የምትል የዩኤስቢ ሞደም የአዲስ አበባን ካፌዎች ሞላቻቸው። አሁን ዩኤስቢ ማለት ከወዲያም ከወዲህም ሽቦ የሌለው ነገር ሆነ። ቀጥሎ እሷንም ስልኩ ዋጣት። ኢንተርኔት ከመንግሥት ቢሮ ተነሥቶ ቤቱን ዘልሎ ኪስ ውስጥ ገባ።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ዋጋ ቀነሰ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 ከመቶ፣ የቤት ብሮድባንድ በ54 ከመቶ። በዚያ ሰሞን አርብ ገበያ መምህር የሆነ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ያቺን እንደ ፍላሽ የምትሰካዋን ልግዛ ወይስ የገመድ መሰኪያ ያለውን፣ ሲም የሚገባበትን ራውተር?» አለኝ።

«ቤት ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትጠቀሙት?»

«እኔ ነኝ። እሷም ማታ ማታ ለትምህርቷ ትፈልገዋለች» አለ። እሷ የሚላት ታናሽ እህቱ ናት፤ ከእሱ ጋር እየኖረች ትማር ነበር።

«እንግዲያው ሁለት ናችሁ» አልኩት።

ሁለቱንም አስረዳሁት። ራውተሩ ለሁለታችሁም ይሆናል፤ ለጎረቤት ልጅም ይተርፋል አልኩት። እሱ ግን ያቺን ትንሿን ገዛ፤ ምክንያቱም ሞኝነት አልነበረም። «መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይሞታል፤ ይቺ ግን ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ትሠራለች» አለኝ። እውነቱን ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር የእንግሊዝ ቤት ሚዛን አይሠራም። ራውተሩ በዋጋም ይከብዳል። የአርብ ገበያ መምህር ደሞዝ ይታወቃል።

በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ላፕቶፑም፣ ሞደሟም፣ ሲሙም አብረውት ሄዱ። ልጅቱ አክስቷ ቤት ቀረች፤ ኢንተርኔት ግን አልቀረላትም። እዚህ ላይ የተበደለ እንጂ የበደለ የለም። የኪስ ነገር ባለቤቱን ይከተላል። ከጋይንት ደግሞ የሚሄደው ማን ነው? ወጣቱ፣ የተማረው፣ በአብዛኛውም ወንዱ። የሚቀሩት እናትና አባት፣ ከገበያ መልስ እንጀራ የምትጋግረው ልጅ፣ ገና ያልተማሩት ታናናሾች ናቸው። መረቡ በሰው ኪስ ከሆነ፣ ሰው በሚሰደድበት አገር መረቡም አብሮ ይሰደዳል።

ሌላም ነገር አለ። የኪሱን መዝጋት ቀላል ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ገመዱም ሞባይሉም ነበር የጠፉት። ሲመለስ ግን የገመዱ ቀድሞ ተመለሰ፤ የሞባይሉ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ቆየ። በአማራ ክልልም ሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ገመድ ነፃነት ነው እያልኩ አይደለም፤ መዝጊያው ያው በአንድ እጅ ነው። ነገር ግን ገመዱን የሚዘጋ ሰው ባንኩን፣ ሆስፒታሉን፣ የራሱን ቢሮ አብሮ እንደሚዘጋ ስለሚያውቅ ሁለቴ ያስባል። የኪሱን ሲዘጋ የሚጎዳው አንድ አንድ ሰው ነው፤ አንድ አንድ ሰው ደግሞ ድምፁ አይሰማም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

አሁን ልብ ውስጥ ይቀመጡልኝ ወዳልኳቸው ሁለት ወሬዎች ልመለስ። ኤዲኤስኤል ከሚለው ስም የመጀመሪያዋ ፊደል የምትነግረን መስመሩ «ሁለቱ ወገን የማይተካከል» መሆኑን ነው። ጆሴፍ ሌክላይደር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዲህ ብሎ አሰበ፤ የቤት ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል፤ ስለዚህ መውረጃውን ሰፊ፣ መውጫውን ጠባብ ብናደርገው በመዳቡ ላይ ድምፅ ከድምፅ አይጣላም። በሥራው ትክክል ነበር። የእኛ አገር ግን ከመስመሩ በፊትም መውረጃው ሰፊ ነበር። በ1990ዎቹ ማገባደጃ ወረዳ ኔት በሳተላይት ለወረዳ መስተዳድሮች ሲገባ በብዛት የተሠራበት ከላይ የሚመራ የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማም ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያይለትም፤ ይቀጥላል። ነጋሪቱ ተለወጠ እንጂ አዋጁ ያው ነው። የገበያተኛው ወሬ ደግሞ ወደ ኪስ ስልክ ገባ፤ እሱም ሲዘጋ ይጠፋል። በመካከል ያለው ጎደለን፤ የቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መስመር። ሰው ቢሄድም የማይሄደው፣ ለሚቀረውም የሚቀረው።

ይህ ጎዶሎ ዛሬ ዋጋ የሚያስከፍል ሆኗል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገበያ ውስጥ ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኢንተርኔት ተሰጥቷል። ነገ ለሁሉም ይሆናል ቢባል የሚገርም አይደለም። በዚያን ቀን አዲስ አበባ ዋይፋይ ያለው ቤት ያደገች ልጅና ወንድሟ ሞደሙን ይዞ የሄደባት ልጅ አንድ ጥያቄ ፊት ይቀመጣሉ። መውደቋን ስናይ «ሰነፍ ናት» እንዳንል እፈራለሁ።

ስለዚህ «ዩኤስቢ ወይስ ኢተርኔት?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁለት ነው። ለራስህ ከሆነ፣ መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆንክ፣ ትዛወራለህም ብለህ ካሰብክ፣ የምትሰካዋን ግዛ፤ ማንም አይወቅስህም። ቤት ውስጥ ግን ከአንተ ሌላ የሚማር ሰው ካለ ራውተሩን ግዛ፤ ከተቻለህ ጎኑ ላይ መብራት ሲሄድ የምታቆየውን ትንሽ ባትሪ ጨምርለት። ዋይፋይ በየስልኩ ሲደርስ ታናሾችህ ያንተን ላፕቶፕ አይጠብቁም።

ለወረዳው ሹማምንት ግን መልሴ አንድ ነው። አርብ ገበያ ላይ፣ ወገዳ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ነፋስ መውጫ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አንድ የፋይበር መስመር፣ አንድ ራውተር፣ ጣሪያ ላይ የፀሐይ መብራት፣ ማታም የማይዘጋ አንድ ክፍል ይበቃል። ቁልፉን ሲዛወር ይዞት በሚሄድ ሰው እጅ ብቻ አታስቀምጡት። የምኒልክ ሽቦ ከሐረር አዲስ አበባ ሲዘረጋ በገበሬው ማሳ ላይ አልፎ ሄዷል። የዛሬው ገመድ ማለፉን ትቶ ይግባ፤ ከገባም በልጅቱ በኩል ይግባ።